የተነካ ቧንቧ

እጄ አያርፍም። አባቴ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ እኛ ቤት ያልተዳሰሰ ነገር አይታመንም።

የውሃ ቧንቧ ግን ሲዳሰስ ይበላሻል። ጥቁሩ ፕላስቲክ ላዩ በመፋቂያ ይላጣል፣ በአልኮል ይወለወላል፣ ከዚያ እጅ ሳይነካው መጋጠሚያው ውስጥ ገብቶ በኤሌክትሪክ ሙቀት ይጣበቃል። የእጅ ላብና ቅባት ካረፈበት የተጣበቀ መስሎ ቆይቶ ይላቀቃል።

ባለፈው ወር አብነት ሰፈር አጠገብ የገጠምነው ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ተላቅቆ የሰው ሱቅ አጥለቀለቀ። የፋቀችው የሥራ ባልደረባዬ ማሂራ ስለነበረች ጥፋቱ እሷ ላይ ወደቀ። እሷ ደግሞ በሥራዋ ቀልድ አታውቅም፤ ቧንቧውን ዙሪያውን በነጭ ማርከር ታሰምርና አንዲት መስመር እስከማትቀር ድረስ ትፍቃለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ፍቃ ወልውላ ስትጨርስ «ሐር የመሰለ ነው» ብዬ በመዳፌ የዳበስኩት እኔ ነኝ። ሲያፈስ ግን ዝም አልኩ። አሳፋሪ ነው፣ ግን ዝም አልኩ።

ዛሬ ሶማሌ ተራ ጉድጓድ ውስጥ ነን። አለቃችን ጋሼ ኸይረዲን ይሄኛውም ካፈሰሰ ማሂራ እንደምትሰናበት ጠዋት በሁላችን ፊት ነግረዋታል። አሰመረች፣ ፋቀች፣ ወለወለች፤ መጋጠሚያውን ከታሸገበት ላስቲክ ልታወጣ ዞር አለች።

እጄ ሄደ። እውነቴን ነው፣ ሳላዘው ሄደ። የነቃሁት ዳብሼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ማንም አላየኝም፣ ቧንቧውም ላይ ምንም አያስታውቅም።

መጋጠሚያውን ይዛ ተመለሰች።

«አታስገቢው» አልኳት። «ነክቼዋለሁ።»

ጋሼ ኸይረዲን ከላይ አጎንብሰው አዩኝ። ማሂራ ቧንቧውን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው።

«የአብነቱንስ?»

«የአብነቱንም።»

ላይ መርካቶ እንደ ልማዷ ትጮኻለች። ማሂራ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሼ ኸይረዲን ከጉድጓዱ አስወጥተው አካፋ አስያዙኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬ አፈር መመለስ ነው። ማሂራ ማርከሯን ከኪሷ አውጥታ እንደገና ማስመር ጀመረች።

«አንድ ወር ሙሉ» አለች ቀና ሳትል፣ «የገዛ እጄን ስጠራጠር ከረምኩ።»

አካፋውን በሁለት እጄ ጨብጬ ቆምኩ።