የሻምበል ደረት

የእንስሳት ሐኪሟ ከባድ የእርሳስ ሽርጧን እንዳጠለቀች ከራጁ ስክሪን ፊት ደርቃ ቀረች። የባሏ አባት ውሻ ሻምበል በጎኑ ተኝቶ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ጥቁር መሆን የነበረበት ሳንባ ግማሹ ነጭ ሆኗል፤ ከልቡ ፊት ደግሞ ቡጢ የሚያህል ነገር ተጋርጦ የአየር ቧንቧውን ወደ ላይ ገፍቶታል።

ስልኳ ጮኸ። ባሏ ነው።

«እባክሽ፣ ምንም ቢገኝበት ለአባባ ጉንፋን ነው በያቸው። ልባቸው ገና አላገገመም። እማማ ካረፉ ወዲህ ከዚህ ውሻ ሌላ ምን አላቸው? አንድ ነገር ቢሆኑ ካንቺ ራስ አልወርድም።»

ራጅ ውሃና ሥጋን አይለይም፤ ሁለቱም ነጭ ናቸው። ስለዚህ የሻምበልን ጎን ላጭታ አልትራሳውንዱን አሳረፈችበት። ውሃው ጠቁሮ ታየ፤ መሃሉ ላይ የተጎለተው ግን ድፍን ዕጢ ነበር። ለጊዜው እንዲተነፍስ ውሃውን በመርፌ ቀዳችለት። ዕጢው ትልቁን የደም ሥር ይያዝ አይያዝ የሚያሳየው ግን ሲቲ ስካን ነው። ካልያዘው በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ከያዘው አለቀ።

ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ካንዷ በር ውጭ ደግሞ ሽማግሌው ቆመዋል።

«ጉንፋን ቢጤ ነው፣ አባባ» አለች ወጥታ። የገዛ ድምፅዋ ባዳ ሆነባት። «ለማንኛውም ነገ ሲቲ ስካን ይነሳል።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ለጉንፋን? ይሄ ውሻ ከማዕረጉ በላይ ሊታከም ነው!» ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። «የሚስቴንም በሽታ እንዲሁ ደበቃችሁኝ። ቤቱ በሙሉ እያወቀ እኔ ብቻ ‹ይሻልሻል› እላት ነበር። ልጄ፣ ባልሽ ነው ያስባለሽ?»

ወዲህ ብትል ባሏ፣ ወዲያ ብትል እሳቸው።

«ዕጢ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው አልወደቁም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና «በይ፣ ይነሳ» አሉ።

በማግስቱ ምስሉ ቁርጡን ነገራቸው፤ ዕጢው የደም ሥሩን ዙሪያውን ጨብጦታል። ቀዶ ጥገናው ቀረ።

«ሲያፍነው ውሃውን ቅጂለት» አሏት። «ሲበቃው ደግሞ አንቺው ንገሪኝ። ሌላ ሰው አላምንም።»

ያን ማታ ባሏ ጀርባውን ሰጥቷት ተኛ። ከዚያ ወዲህ ወደ አባቱ ቤት ያደርሳታል እንጂ አይገባም፤ መኪናው ውስጥ ይጠብቃታል።

ውሃው መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ኋላ በየሁለት ቀኑ ይሞላ ጀመር። አንድ ቀን ቀድታ ስትጨርስም የሻምበል ድድ እንደገረጣ ቀረ፤ ትንፋሹም አልቀለለለትም። ሽማግሌው የውሻውን ራስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀና ብለው አዩዋት።

«በቃው?»

እንደዚያች ቅጽበት መዋሸት አምሯት አያውቅም።

«በቃው፣ አባባ» አለች።

የማሳረፊያውን መርፌ ልታመጣ ስትነሳ ባሏ ደጃፉ ላይ ቆሟል። አልገባም፤ አልሄደምም።