የተገለበጠው ሣጥን

ልጅቷ የጥርስ ሳሙናውን ጭራ በመቀስ ቆርጣ ከኋላው ትጨምቃለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እናትየው ቤቱን ታናውጠው ነበር። ዛሬ ግን ብሩሹ አፏ ውስጥ እንዳለ ቀጥ ብላ ቀረች።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ? በአፉ በኩል አልወጣ ብሎኝ እኮ ነው።»

«ከኋላ!» አለች እናትየው፣ አረፋው በአገጯ እየወረደ። «ትናንት ከኋላ ነው ያወጣነው!»

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። መርፌው ላይ ክር እየሰካ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ድንጋዩ ነው ደግሞ?» አለ። በዚያ ቤት «ድንጋዩ» ከተባለ የትኛው ድንጋይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሴትዮዋ የምትሠራው ከከተማው ጫፍ፣ የመሬት ስንጥቅ በሚቆፈርበት ቦታ ነው። በየጊዜው እየተንቀሳቀሰ ከተማውን የሚያንቀጠቅጠው ይህ ስንጥቅ ነው። ማሽኑ ጠባብ ጉድጓድ እየሰረሰረ ወደ ታች ይወርድና ድንጋዩን እንደ ዱላ ድብልብል አድርጎ፣ ሦስት ሦስት ሜትር እየቆረጠ በቱቦ ያወጣዋል። እሷ ታጥበዋለች፤ ከዚያ በእንጨት ሣጥን ውስጥ የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች አድርጋ ትደረድረዋለች። ከስምንት ወር በፊት እዚያው ጽዳት ነበረች። አንድ ቀን ስትጠርግ ሁለት ሣጥኖች ቁጥራቸው መቀያየሩን አይታ ተናገረች፤ በነጋታው መጥረጊያውን ተቀብለው ጓንትና ማርከር ሰጧት። ከዚያ ወዲህ የሥራ ጓደኞቿ «ወይዘሮ ድንጋይ» ይሏታል። የሠፈር ሰው ደግሞ፣ «ተኝታ ያለችን መሬት ምን ትነካኳታላችሁ?» ሲላት፣ «ተኝታ መሰለችህ? አድፍጣ ነው እንጂ» ትላለች፤ ያን ቀን ያ ሰው እንቅልፍ የለውም።

ትናንት የቁፋሮው ሰው ሁሉ ሲጠብቀው የከረመው ሦስት ሜትር ድንጋይ ወጣ። ቱቦው ሁልጊዜ የሚራገፈው በታችኛው አፉ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚወጣው የታችኛው ድንጋይ ነው፣ እሷም ከሣጥኑ ግርጌ ጀምራ ትደረድራለች። ትናንት ግን ድንጋዩ አፉ ላይ ተቀርቅሮ እምቢ ሲል የማሽኑ አለቃ ቱቦውን አዙሮ በውሃ ግፊት በጭራው አስወጣው። መጀመሪያ የወጣው የላይኛው ነበር ማለት ነው። እሷ አጠገቡ ቆማ ይህን በዓይኗ አይታለች። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ? እጇ የለመደውን አደረገ፤ ሦስቱም ሜትር ተገልብጦ ተደረደረ።

«ሌላ ሰው አውቋል?» አለ ባሏ።

«ማንም።»

«እኔ እጅጌ ገልብጬ ብሰፋ ደንበኛው ራሱ መልሶ ያመጣልኛል። አንቺስ...»

«የኔ ደንበኛ አራት መቶ ሜትር ታች ነው ያለው። ተመልሶ አይመጣም።»

ባሏ መርፌውን አስቀመጠ። «በይ ጫማሽን አድርጊ፤ አፍሽን ደግሞ ተጉመጥመጪ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በስድስት ሰዓት የመሬቱን ንዝረት የሚያዳምጥ መሣሪያ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። መቀመጥ ያለበት ሁለቱ የመሬት ወገኖች የሚፋተጉበት፣ ግማሽ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ጥቁር ጭቃ ውስጥ ነው። በላዩ ሲሚንቶ ይፈስበታል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያነሳውም። ጭቃው ደግሞ እያበጠ ጉድጓዱን እያጠበበው ስለሆነ ለነገ ማለት የለም። በእሷ ሣጥን ጥቁሩ ጭቃ ከላይ በኩል ነው፤ ሣጥኑ የተገለበጠ ከሆነ ግን እውነተኛው ቦታ አንድ ሜትር ከሰባ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። በሣጥኑ ልክ ከወረደ መሣሪያው ደረቅ አለት ውስጥ ታሽጎ ዕድሜ ልኩን ምንም ሳይሰማ ይኖራል።

ሥራ ቦታ ስትደርስ አለቃው የማሽኑን ፍሬን ይፈትሻል። አጭር፣ ደልዳላ ሰው ነው፤ ድምፁ ከማሽኑ ጋር ሲፎካከር ስለኖረ በሹክሹክታም ይጮሃል።

«አለቃ፣ ትናንት ድንጋዩን በቱቦው ጭራ አይደል ያስወጡት? ሣጥኑ ተገልብጧል፤ አንድ ሜትር ከሰባ ስተናል።»

ግራ ቀኙን አየ። «ስሚ፣ ድንጋይ አፍ የለውም። አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

«እና?»

«እና ዝጊዋ! አንድ ሜትር ከሰባ ምን አላት? እኔ ራሴ ያን አልሞላም።»

«እርስዎን ከግድግዳው ማዶ ቢያቆሙዎት በር ሲንኳኳ ይሰማሉ?»

«ወደ መጥረጊያሽ ይመልሱሻል፤ አለቀ።»

ሌሊቱን ሁሉ ሳታውቀው ተኝታ፣ ጠዋት አውቃው፣ በመንገድ ሁሉ ሸሽታው የመጣችው ይህንኑ ነበር። ሰው ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ዝም ቢል ማን ይፈርድበታል? እሷ ግን ከአለቃው ፊት ዞር ብላ በቀጥታ ወደ ዶክተሯ ቢሮ ሄደች፤ ቢሮው ሁለት ጠረጴዛ የያዘ ኮንቴይነር ነው። ቁፋሮውን የሚመሩት ዶክተሯ ናቸው።

«ዶክተር፣ የትናንቱ ሣጥን ተገልብጧል። የደረደርኩት እኔ ነኝ።»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ። «የሣጥኑ ፎቶ ተልኳል፣ ስሌቱ አልቋል። እርግጠኛ ነሽ?»

«ይመስለኛል... አይ፣ ነኝ።»

«በይመስለኛል መሣሪያ አላወርድም። ካሜራችን በጭቃው ታውራለች፤ ያለን ያንቺ ሣጥን ብቻ ነው። አሳዪኝ። እስከ አምስት ተኩል ጊዜ አለሽ።»

ማሳያው አንድ ነው። ድንጋይ እንደ ሳህን ነው፤ ሲሰበር ስብራቱ ከጓደኛው ጋር ብቻ ይገጥማል። የትናንቱ ሦስት ሜትር የላይኛው ጫፍ ከእሱ በፊት ከወጣው ሣጥን የመጨረሻ ድንጋይ ጋር መግጠም አለበት። ያ ሣጥን ግን ትናንት መጋዘኑ ሲደራጅ በሌሎች አሥራ አንድ ሣጥኖች ሥር ገብቶ ነበር፤ እያንዳንዱም የሲሚንቶ ከረጢት ያህል ይከብዳል።

የመጀመሪያውን አወረደች። ሁለተኛውን። በአራተኛው ላይ ጓንቷ አንሸራተታት፤ አውልቃው በባዶ እጇ ያዘች። አለቃው በሩ ላይ ተደግፎ ያያታል።

«ስንት ቀረሽ?»

«መቁጠር ያቅትዎታል?»

በስድስተኛው ላይ ሣጥኑ ሊያመልጣት ሲል መጣና በአንዱ ወገን ያዘ። «ወገብሽ ቢቀነጠስ ባልሽ በመርፌው እኔን ነው የሚሰፋኝ» አለ እያጉረመረመ። ከዚያ ወዲያ አልሄደም።

አምስት ሰዓት ሲሆን ዶክተሯ መጡ። ሴትዮዋ ከፊተኛው ሣጥን የመጨረሻውን ድንጋይ አንስታ መጀመሪያ ከትናንቱ ሣጥን ራስጌ ካለው ጋር አጋጠመችው። እንደ ሌላ ድስት ክዳን ተንገዳገደ። ከዚያ ከግርጌው ያለውን አንስታ፣ ገልብጣ ሞከረችው። ተቀመጠ፤ ግን በደንብ አልተቀመጠም። ቱቦው ውስጥ ሲሽከረከር ጠርዙ ተፈጭቷል።

ዶክተሯ ጎንበስ ብለው አዩት። «ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።»

አለቃው የማያገባው ይመስል ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ዶክተሯ ሰዓታቸውን አዩ። «ይበቃል፣ በፎቶው መሠረት...» ብለው ሲጀምሩ፣

«ቆዪ!» አለች። ዶክተሯን «ቆዪ» ማለቷን ያወቀችው ቆይታ ነው። «ማለቴ፣ ይቆዩልኝ። ሃያ ደቂቃ ይቀረኛል፤ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።»

ባልዲና ብሩሽ አመጣች። ጽዳት በነበረችበት ጊዜ እንኳ እንዲህ ፈትጋ አታውቅም። ከሁለቱም ድንጋዮች ጎን የደረቀው ጭቃ እየለቀቀ ባልዲውን አደፈረሰው፤ ውሃ ቀየረች፤ እንደገና ፈተገች። ከዚያ በፊተኛው ድንጋይ ጎን አንዲት ነጭ መስመር ብቅ አለች፤ እንደ ስፌት ክር የቀጠነች ናት። ስብራቱ ጋ ስትደርስ ለሁለት ትከፈላለች። የሁለተኛውን ድንጋይ አዙራ አዙራ አየችው። ሁለት ነጭ መስመሮች፣ በዚያው ስፋት፣ በዚያው ዘመም ባለ አቅጣጫ።

አጋጠመቻቸው። ክሩ ወርዶ፣ ተሰንጥቆ፣ ሳይቋረጥ ቀጠለ።

ዶክተሯ በአውራ ጣታቸው መስመሩን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። አንዴ ብቻ አይደለም፤ ሦስቴ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው፣ «ጥልቀቱን ቀይሩ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ከሠላሳ አምስት» አሉ። ስልኩን ሲዘጉም ወደ እሷ ዞሩ። «ክዳኑ ላይ ተገልብጦ እንደነበር ጻፊ፤ ስምሽንም። ከዛሬ ጀምሮ ስትደረድሪ ሁለተኛ ሰው አጠገብሽ ቆሞ ያያል።»

ማርከሯን አወጣች። «ይቁም» አለች። «ያውም ዓይኑ የተከፈተ ይሁን።»

«መጥረጊያውስ?» አለ አለቃው፣ ነገር እንዳይቀርበት።

«መጥረጊያውን ምን አመጣው?» አሉ ዶክተሯ። አለቃው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ቱቦውን በጭራው ያዞርኩት እኔ ነበርኩ። አልነገርኳትም» አለ፤ እንደ ልማዱ በሹክሹክታ፣ ማለትም አጥሩ ማዶ እስኪሰማ ድረስ።

«እሱንም ክዳኑ ላይ ጻፉት» አሉ ዶክተሯ።

በስድስት ሰዓት መሣሪያው በኬብሉ ጫፍ ተንጠልጥሎ ወደ ጉድጓዱ ገባ። አለቃው ፍሬኑን ይዟል። የደረሰበትን ጥልቀት በቁጥር የሚጠራው ሁልጊዜ ሌላ ሠራተኛ ነበር፤ አለቃው ግን አገጩን ወደ ሴትዮዋ ቀስሮ፣ «እሷ ትጥራ። ዛሬ በሌላ ሰው አፍ አላቆምም» አለ።

ኬብሉ ላይ የተቀባውን ቁጥር እያየች መጥራት ጀመረች። መቶ። ሁለት መቶ። ሦስት መቶ ላይ ኬብሉ መውረዱን አቆመ፤ የጉድጓዱ ጎን መሣሪያውን ይዞት ኖሯል። «ቀስ፣ ቀስ አድርገው ላላ ያድርጉት» አለች፤ አለቃው ላላ አደረገው፤ ለቀቀ። አራት መቶ። አራት መቶ አሥር ከስልሳ አምስት። በፎቶው ስሌት ቢሆን ማቆሚያው እዚህ ነበር፤ አለቃው በዓይኑ ጠየቃት።

«ይውረድ» አለች።

አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። ከዚያ በሳንቲ ሜትር፦ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ...

«ያቁሙ!»

አለቃው በሙሉ ክብደቱ ፍሬኑ ላይ ተኛ። ኬብሉ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ቀጥ አለ። እሷ ቁጥሩ ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ አንዴ ደግማ አነበበችውና ሲሚንቶውን በፓምፕ ወደሚያፈሱት ሰዎች ዞረች።

«ሲሚንቶ አምጡ!»