የቆርኪው ልክ

ማታቱ የሚሉት የኬንያ ታክሲ ሁሉ ቢጫ መስመር እንዲቀባ በታዘዘበት ዓመት ነው። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ውስጥ ከኩለሱም ጋር ፀጉር ቤት ነበረን፤ እሷ ሂና ትቀባለች፣ እኔ ፀጉር እሠራለሁ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፉራሃ የምትባል ኮንጓዊት ገባች። ሹሩባዋ ከራስ ቅሏ ጋር የተሰፋ ይመስላል።

«ፍቺልኝ ብቻ፣ ማማ። እንዳታጥቢው» አለችኝ በስዋሂሊ። ወንበሩ ሥር ነጭ አንሶላ አስነጠፈችን፤ በሩንም አስዘጋችን። እኔ ደግሞ ትእዛዝ የሚያበዛ ደንበኛ አልወድም። ግን ገና ከመቀመጧ እንቅልፍ ጣላት። ከኮንጎ ድረስ በጭነት መኪና ላይ ስትንገላታ የመጣች መሆኗን ያኔ አላወቅሁም።

ፀጉሯ ደርቆ አልፈታ ሲለኝ፣ አገር ቤት እንደምናደርገው ለጋ ቅቤ አነሳሁና አናቷን አራስኩት። አትጠቢው አለች እንጂ አትቀቢው መች አለች? የመጀመሪያውን ጉንጉን ስፈታ ቅቤው ጣቶቼ መሐል አብለጨለጨ። እጄን ወደ መስኮቱ ዘረጋሁ። ወርቅ ነው፤ እንደ ጤፍ የደቀቀ ወርቅ።

«ያ አላህ» አለች ኩለሱም በዝግታ።

ሙሽራ ሳሰናዳ ስለኖርኩ ብዙ ወርቅ አይቻለሁ። ከሰው አናት ሲወርድ ግን አይቼ አላውቅም። እጅ በአፌ ጭኜ ቀረሁ። ያ እጅ ከንፈሬን ወርቅ እንደቀባው የነገረችኝ ኩለሱም ናት።

ፉራሃ ነቃች። እጄን አየች፤ አልጮኸችም። ከጡት መያዣዋ ውስጥ የለስላሳ ቆርኪ አወጣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችን። ወርቁ የእሷ አይደለም። የላኳት ባሏ የሚቆፍርበትን ጉድጓድ የያዙት ታጣቂዎች ናቸው። ወርቁን ፀጉሯ ውስጥ ደብቃ ሹሩባውን የሠራችላት የአዛዣቸው ሚስት ናት። ከሰዓት በኋላ እዚሁ ሰፈር ላለው ገዢ ታስረክባለች፤ መለኪያው ቆርኪው ነው፤ እስከ አፉ ከሞላ ሰውየው ይደውልላቸዋል። ካልደወለ ባሏ ከጉድጓዱ አይወጣም።

«እንዴት አይወጣም?» አልኳት።

«መሰላሉን ያነሱታል።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው። ደግነቱ ቅቤ ማንጠር አያቅተንም። ኩለሱም ጂኮውን፣ የከሰል ምድጃውን፣ አቀጣጠለች። የፉራሃን ፀጉር እየፈታን ሳፋ ላይ በሙቅ ውሃ አጠብን፤ ማበጠሪያውን፣ ፎጣውን፣ የእኔን ከንፈር ሳይቀር። እጣቢውን ድስት ውስጥ ጣድነው። ቅቤው ቀልጦ ሲንሳፈፍ ገፍፈን አወጣነው፤ ውሃውን ቀስ እያልን አንቆረቆርን።

ሦስታችንም አጎነበስን። የድስቱ ውስጥ ጠቁሯል፤ እዚያ ጥቁር ላይ ወርቁ ተኝቷል። ውጭ የማታቱ ረዳቶች ይጣራሉ፤ እኛ ግን ቅዳሴ የገባን ያህል አቀርቅረናል። እንዲህ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ፍርሃትም ፈርቼ አላውቅም። ለዚህች ጭብጥ ለማትሞላ ነገር ነው መሰላል የሚነሳው።

በቅንድብ ብሩሽ ጠርገን ቆርኪው ውስጥ አስገባነው። ከአፉ በትንሹ ጎደለ። ድንበር ላይ ዝናብ መትቷት ነበር፤ ያጎደለው ዝናቡ ይሁን የእኔ ቅቤ አላውቅም። ፉራሃ ዓይኗን ከቆርኪው ላይ መንቀል አቃታት።

አንዷን የወርቅ ጉትቻዬን አወለቅሁ። ከእናቴ የወረስኳት ናት። በጥፍር መሞረጃ እየሞረድኩ ብናኙን ቆርኪው ላይ አራገፍኩ።

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዳይሆንብሽ፣ አንቺ ሴትዮ» አለች ኩለሱም። አለችና እጄ ሲዝል ራሷ ተቀብላኝ ትሞርድ ጀመር።

ፉራሃ የሚወርደውን ብናኝ እያየች «ይሄ ከየት ነው?» አለችኝ።

«ከአዲስ አበባ፣ ከፒያሳ» አልኳት ኮራ ብዬ።

«ከፒያሳ በፊትስ?»

እናቴ ስትገዛው አልጠየቀችም፤ እኔም ስወርሰው አልጠየቅሁም። የትኛው ጉድጓድ፣ የማን ባል፣ የማን አናት? ያቺን ጉትቻ ዕድሜዬን ሙሉ ጆሮዬ ላይ አንጠልጥዬ፣ ከፒያሳ በፊት ያለውን አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም።

ቆርኪው እስከ አፉ ሞላ፤ ፉራሃም ወደ ገዢው ይዛው ሄደች። ሊመሽ ሲል ፉራሃ እየሮጠች ተመለሰች። ገዢው ደውሏል፤ መሰላሉ ወርዷል፤ ባሏ ወጥቷል። ሦስታችንም ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጆሮዬ ብቻ ወርቅ አድርጌ ስዞር ደንበኞቼ ያሾፉብኝ ነበር፤ እኔ ግን በባዶው ጆሮዬ እኮራ ነበር።

ቀጣዩ ዝናብ ሲጀምር በሩ ተከፈተ። ፉራሃ ናት፤ ሹሩባዋ እንደዚያን ጊዜው ከራስ ቅሏ ጋር ተሰፍቷል። ሳትጠይቀኝ አንሶላውን አነጠፍኩ፤ በሩን ዘጋሁ፤ ቅቤውን አርቄ አስቀመጥኩ።

«ባልሽስ?»

«መልሰው አስገቡት» አለችና ከጡት መያዣዋ ውስጥ ክዳን አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ቆርኪ አይደለም፤ ቆርኪውን እጥፍ የሚያህል የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን ነው።

«ቆርኪውስ ምነው?» አልኳት።

«ባለፈው ሞልቶ ስላገኙት» አለችኝ።