ሁሉም ከጣሪያ ይጀምራል

ሌምፒ ትንፋሿን ይዛ ጣቷን የስልኳ ስክሪን ላይ ሳበች። ጣሪያው ተሰመረ፣ ግድግዳው ተሰመረ፣ መሃል ላይ የሚቆራረጡት ሁለት መስመሮችም ተሰመሩ። አንዲት መስመር ስትቀራት መሄጃ አጣች።

"ወይኔ!" ብላ ጠረጴዛውን መታችው።

አለቃዋ ዴል ከጋራዡ ጥግ ሳቀባት። "አሁንም ያቺን ቤት አልጨረስሻትም? ዘጠኝ ቀንሽ እኮ ነው! የእውነት ቤት ብትሆን እስካሁን ቆርቆሮ መትተሽ ትገቢባት ነበር።"

ጨዋታው ሕፃን የሚጫወተው ነው። ጣትህን ታሳርፋለህ፤ ሳታነሳ፣ ባለፍክበት መስመር ሳትደግም ስዕሉን ትጨርሳለህ። በቃ፣ ይኸው ነው። የልጅ ልጇ ኬይሊ ስትጭንላት ሌምፒ "ይቺ ደግሞ ጨዋታ ተብላ!" ብላ ነበር። አሁን ሁለት መቶ አስራ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ደርሳለች፤ ሥጋና ድንች የተሞላ ፓስቲዋ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው እንግዲህ!

"ለነገ ሁለት ስንዝር በረዶ ይጥላል ብለዋል" አለ ዴል።

ሌምፒ ክፍት አላት። ነገ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኬይሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሆኪ ቡድኗ ግብ ጠባቂ ሆና ትሰለፋለች። ሌምፒ ደግሞ በረዶ መጥረጊያ መኪናዋን ይዛ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ብትወጣም ከአራት ሰዓት ተኩል በፊት ጨርሳ አታውቅም። ባለፈው ክረምት የልጅቷ ሦስት ጨዋታ አምልጧታል። ኬይሊ "ሥራ ነዋ፣ እማማ" ብቻ አለቻት። ብትቆጣት ይሻል ነበር።

በንዴት እንደገና ጀመረች። እስከ ዛሬ ከጣሪያው ጫፍ ነበር የምትነሳው። አሁን እንዲያው ከታች፣ ከግራው ጥግ፣ ሦስት መስመሮች ከሚገናኙበት ተነሳች። ጣቷ ወጣ፣ ወረደ፣ ተሻገረ፤ ቀኙ ጥግ ላይ ሲቆም ቤቲቱ ቦግ ብላ በራች።

"ዴል! ሠራኋት! ሠራኋት!" አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ከዚያ ድንገት ለቀቀችውና ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የምትጠርገው ሰፈር ካርታ ሄደች። የእሷ መንገዶች ጠባብ ስለሆኑ አንድ ጊዜ ማለፍ ይበቃቸዋል። እሷ ግን አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከኮረብታው አናት ትጀምራለች፤ ያሠለጠኗት ሽማግሌ እንደዚያ ስላሳዩዋት ብቻ። ከዚያ በጠረገችው መንገድ ላይ መመላለስ ነው፤ ውኃ ቅዳ፣ ውኃ መልስ።

"ከታች፣ ከሐይቁ ዳር፣ ሦስቱ መንገዶች ከሚገናኙበት ብጀምር አንዱንም አልደግምም!"

ዴል ካርታውን በጣቱ ተከተለና አገጩን ያዘ። "እሱስ እውነትሽን ነው። ግን እዚያ ጥግ ላይ ማን እንዳለ ታውቂያለሽ አይደል?"

ታውቃለች እንጂ! ሬይኖ ነው ያለው። በረዶ በጣለ ቁጥር ቢሮ እየደወለ "ሌምፒ ሆን ብላ መጨረሻ ታደርገኛለች" የሚለው ጡረተኛ። እሷም "እሱን የማስቀድመው ከሞትኩ በኋላ ነው" ብላ ሰው ፊት ምላለች።

"አሸነፍኳት እያለ ከተማውን ያምሰዋል" አለ ዴል።

"ያምሰዋ! እኔ ኬይሊን ማየት እፈልጋለሁ።"

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በተጠረገው አውራ ጎዳና ቁልቁል ወርዳ ሐይቁ ዳር ደረሰች። ሬይኖ ፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ፣ አካፋ ይዞ ወጣ።

"ምነው ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?"

"ደህና ነኝ፣ ጋሽ ሬይኖ።"

"አስራ አንድ ዓመት ጮኬ ዛሬ ሰማሽኝ በያ!"

"አንተን ማን ይሰማሃል? ከዚህች ተምሬ ነው።" ስልኳን በመስኮት ሰጠችውና ቤቲቱን አሳየችው።

ሬይኖ ጓንቱን አወለቀ። ከጣሪያው ጀመረ። "ኤጭ! ቆይ፣ አንዴ ብቻ።" እንደገና ከጣሪያው። "አንዴ ብቻ አልኩሽ እኮ!"

"ጋሽ ሬይኖ፣ ልጅቷ ትጠብቀኛለች!" ብላ ስልኳን ነጠቀችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደስታዋን ተዉት። እያንዳንዱን መንገድ አንድ ጊዜ አለፈችበት፤ አንዱንም አልደገመችም። ለብቻዋ እየዘፈነች፣ መሪውን እየደበደበች ጠረገች። ሦስት ሰዓት ከአስር ላይ የመጨረሻው ጥግ ላይ ስትቆም እንባዋ መጣ።

ስታዲየሙ ውስጥ ኬይሊ ቆቧን አስቀምጣ የያዘችላት ወንበር ላይ ሌምፒ ገና ቁጭ ከማለቷ ዴል ደወለ።

"ሬይኖ ደውሎልኝ ነበር።"

"ደግሞ ምን በደልኩት? አንደኛ አድርጌው!"

"ቤቲቱን ወረቀት ላይ እየሣለ አስራ ስድስት ወረቀት ጨርሷል። ቁርሱን አልበላም። መልሱን ልንገረው?"

"እንዳትነግረው! ደስታውን ልትሰርቀው ነው? በሚቀጥለው በረዶ መጀመሪያ የምሄደው እሱ ጋ ነው፤ ያኔ ራሱ ሠርቶ ያሳየኝ።"

ስልኩን ስትዘጋ ሁለት መቶ አስራ ሦስተኛው ደረጃ ብቅ አለ። ዓሣ ናት፤ ቀላል ትመስላለች። ጣቷን በላት። አሳረፈችና መሳብ ጀመረች።

ያኔ ኬይሊ ትልቁን የግብ ጠባቂ ልብሷን ተሸክማ ወደ ሜዳው ገባች፤ ቀና ብላም ወንበሩን ፈለገች።

ሌምፒ ዓሣዋን ግማሿ ላይ ትታ ስልኩን ኪሷ ከተተችና ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አንስታ ጮኸች።