ዓይናቸውን ያልገለጡት

አጥናፉ ዕድሜውን የጨረሰው ከከባድ መኪና መሪ ጀርባ ነው። ቤቱ ቀጨኔ ቢሆንም ልጆቹ ሲወለዱም ሲታመሙም እሱ ጂቡቲ መንገድ ላይ ነበር። ጡረታ በወጣ ማግስት ሚስቱ ሞተችና ከድመቷ ጋር ብቻውን ቀረ። ድመቷን አይወዳትም፤ የሟች ስለሆነች ብቻ አላባረራትም።

ድመቷ ዕቃ ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች ወለደች። ሳምንት ሳይሞላት ከግቢው በር ላይ መኪና ገጫት። አጥናፉ ቀበራትና ቤቱ ገባ። ዕቃ ቤት ካሉት ጆንያዎች መሐል የሚመጣውን ጩኸት ላለመስማት ሬዲዮ ከፈተ። ድምፁ እየሳሳ ሲሄድ ግን አንጀቱ አልቻለም፤ ሄዶ አያቸው። ዓይናቸው ገና አልተገለጠም። ሲያነሳቸው ሰውነታቸው ቀዝቅዟል።

በካርቶን ይዟቸው ጎረቤቱ ወደሆነችው የእንስሳት ሐኪም ወደ ሩፋይዳ ሄደ።

«ወተት ብሰጣቸው እምቢ አሉኝ» አላት።

«በርዷቸው ሳለ አያብሏቸው፣ ጋሽ አጥናፉ። መጀመሪያ ያሙቋቸው። የላም ወተት ሆዳቸውን ያበላሸዋል፤ የፍየል ይፈልጉ። በጀርባቸውም አያስተኟቸው፣ ትን ይላቸዋል።» መርፌ የሌለው ስሪንጅ ሰጠችው። «ከበሉ በኋላ ደግሞ በእርጥብ ጥጥ ከታች ይጥረጓቸው። እናት ካልላሰቻቸው መሽናት አይችሉም።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን አለ?»

አጥናፉ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በሚስቱ አሮጌ ነጠላ ጠቅልሎ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠ። የፍየል ወተት ፍለጋ እንጦጦ ግርጌ ድረስ በእግሩ ወጣ። ትንሿ ግን አልበረታችም፤ አንድ ጠዋት ወተቱ አፏ ላይ ደርቆ ሞታ አገኛት። በሚስቱ ለቅሶ ላይ እንባ ያላወጣው ሰው ካርቶኑ አጠገብ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ሁለቱ በርትተው ዓይናቸውን በገለጡ ሰሞን ሳምሪ ምሳ ይዛለት መጣች። ሳምሪ የመጀመሪያ ልጁ ናት። ከወራት በፊት የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ፣ ሞግዚት እስክታገኝ ሕፃኗን ቀን ቀን እንዲይዝላት ለምናው ነበር። «ወንድ ልጅ ሕፃን አይዝም፤ አላውቅበትም» ብሎ መለሳት። ሞግዚት አጥታ ሥራዋን ለቀቀች።

በሩ ክፍት ነበር። አባቷ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ አንዷን በሆዷ ጭኑ ላይ አስተኝቶ ወተት ጠብ ጠብ ያደርግላታል። ጨርሳ አፏን ስትልስ ጥጡን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ ቀስ እያለ ጠረጋት።

«ጎሽ፣ የኔ እናት። ጎሽ!»

«አላውቅበትም አላልከኝም?» አለች ሳምሪ ከበሩ።

ደንግጦ ዞረ። «እ... ሳምሪዬ፣ መጣሽ? እናታቸው ሞታባቸው እኮ ነው።»

«እኔስ እናቴ ሞታብኝ አይደል አንተን የለመንኩህ?»

አጥናፉ ጥጡን አስቀመጠ። «ያኔ አልችልበትም ነበር። አሁን ለምጃለሁ፣ አምጫት። እኔ እይዛታለሁ።»

«አሁንማ ምን ያደርግልኛል? ቦታዬን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። እኛን አንድ ቀን አጥበኸን አታውቅም፣ አባዬ። ማሚ ሁልጊዜ ‹አይችልበትም፣ ተዉት› እያለች ትከራከርልህ ነበር። ለካ ትችልበታለህ።»

የምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከኋላዋ ጠራት፤ አልዞረችም። ሊከተላት ብድግ ካለ በኋላ እጁ ላይ ያለችውን የት እንደሚያስቀምጣት ግራ ገባው። ካርቶኑ ውስጥ መልሷት ሲወጣ ቁልቁለቱን ጨርሳ ጠፍታለች።

ከዚያ ወዲያ ስልኩን አላነሳችለትም። ለፋሲካ ግን ሕፃኗን፣ ኢዩን፣ ይዛ መጣች። ድመቶቹ አድገው ግቢውን እየዘለሉበት ነው። ኢዩ እየተንገዳገደች ስትከተላቸው ወደቀች። አጥናፉ ከእናቷ ቀድሞ ደርሶ አነሳትና ደረቱ ላይ አስደገፋት። ሕፃኗ ቀና ብላ ፊቱን ስታይ ጩኸቷን ለቀቀችው። እጆቿን ወደ እናቷ ዘረጋች።

«እሹሩሩ፣ እሹሩሩ... አያትሽ እኮ ነኝ» አላት።

ሳምሪ መጥታ ተቀበለችው።

«አታውቅህም እኮ፣ አባዬ» አለችና ልጇን እያባበለች ወደ ቤት ገባች።