የሰባተኛው ፓምፕ ጉዳይ

በታይዋን፣ ሢንጁ ከተማ ካሉት የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካዎች በአንዱ ሱቺንግ የምትባል የጥገና ክፍል ኃላፊ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት ከማሽን ጋር ስለኖረች የፓምፕ ድምፅ ሰምታ ሕመሙን ትናገራለች። በዚያ ሰሞን የሰባተኛው ማሽን ፓምፕ ማቃሰት ጀመረ። አዲስ ይገዛ ብላ ብታመለክት፣ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ኬ አራት ጊዜ መለሰባት።

«ይሠራል አይደል?» አላት በአምስተኛው።

«ይሠራል። ታማሚም እስኪሞት ድረስ ይተነፍሳል።»

«የሩብ ዓመቱ ትርፍ ይታወቅና እናስብበታለን። ባለአክሲዮኖች ፓምፕ አይበሉም፣ ወይዘሮ ሱቺንግ።»

ይኸው ሰው ታዲያ የአምላክና የመንፈስ ነገር ሲነሣ እጁ አይሰስትም። ማሽን እንዳያስቸግር ተብሎ በየመቆጣጠሪያው ሳጥን አናት ላይ በአረንጓዴ ከረጢት የታሸገ የበቆሎ መክሰስ ይቀመጣል። አንድ ቀን ጊዜው ያለፈበት ከረጢት ቢያገኝ፣ ራሱ ሮጦ ሦስት ካርቶን ገዝቶ መጣ። ሱቺንግ ይህን አየችና ክርክሩን ትታ በግቢው ጥግ ወዳለችው የመሬት አምላክ መቅደስ ይዛው ሄደች።

«አምላኩ ይቀየር ካሉ እርስዎ ይፈርማሉ?»

«በደስታ።»

የአምላኩ ፈቃድ የሚጠየቅባቸውን፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉትን ሁለት እንጨቶች ወረወረች። አንዱ ተደፍቶ ሌላው ከተንጋለለ እሺ ነው፤ ሁለቱም ከተደፉ እምቢ። ሦስት ጊዜ ጣለች፣ ሦስት ጊዜም ተደፉ።

«አምላክም ትርፍ ያውቃል» አለ አቶ ኬ እየሣቀ።

ሱቺንግ እንጨቶቹን አነሣች። አምላክን ማጭበርበር አልደፈረችም፤ ጥያቄ መቀየር ግን አይከለከልም። «እንግዲያው ሥራ አስኪያጁ በየቀኑ አንድ ሰዓት ፓምፑ አጠገብ ቆመው ይጠብቁት?» ብላ ወረወረች። እሺ፣ እሺ፣ እሺ። የአቶ ኬ ሣቅ ደረቀ።

ፓምፑ ያለበት ምድር ቤት ይፋጃል፣ ጩኸቱም ጆሮ ይበሳል። በመጀመሪያው ቀን በስልክ መነጋገር አቃተው። በሁለተኛው ምሳውን ይዞ ቢወርድ የኑድሉ መረቅ ከነፓስታው ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። በሦስተኛው ፓምፑን «አይዞህ» ሲለው ሠራተኞች ሰሙት። በአራተኛው ቀን ፊቱ ገርጥቶ ሱቺንግ ቢሮ ገባ።

«ትናንት እህህ ይል ነበር። ዛሬ ኡኡ ይላል። ምን ማለቱ ነው?»

«ሐኪም ጥሩልኝ ማለቱ ነዋ።»

ተፈትልኮ ወጣ። በመስኮት ብታይ መቅደሱ ፊት ተንበርክኮ እንጨቶቹን ይወረውራል፤ ያነሣል፤ እንደገና ይወረውራል። ላቡን እየጠረገ ተመለሰ።

«ፈቀዱ።»

«ስንት ጊዜ ጣሉ?»

«ቁጥሩ ምን ያደርግልዎታል?» አለና ፈረመ።

አሮጌው ፓምፕ ሲፈታ ሆዱ እንደ ድንጋይ በጠጠረ ዱቄት ተሞልቶ ተገኘ። ሌላ አንድ ሳምንት ቢቆይ ኖሮ ማሽኑንም በውስጡ ያለውንም ሥራ ያበላሽ ነበር። የሩብ ዓመቱ ትርፍ ግን ቀነሰ፤ ባለአክሲዮኖችም በስብሰባ ላይ አቶ ኬን አፋጠጡት።

«ለመሆኑ ወርዳችሁ ፓምፑን ሰምታችሁታል?» ብቻ አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያዝዘው ምድር ቤት መውረድ ልማዱ ሆነ። በሚቀጥለው ወር ሱቺንግን ከምሳዋ አስነሣት።

«የዘጠነኛው ፓምፕ ድምፅ አላማረኝም። ዛሬውኑ ይቀየር።»

ወርዳ አዳመጠች። ፓምፑ ጤነኛ ነው። ይህን ለማሳመን ግማሽ ቀን ፈጀባት።