ትርንጎ የምትባል ሴት

ዳኛቸው የታሪክ መምህርነቱን ከለቀቀ ወዲህ ሥራው ልብ ወለድ መጻፍ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ የሚያነሣለት የመጀመሪያ መጽሐፉን ነው። በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን መድፉ ወደ መቅደላ ሲጎተት ሕዝቡ ያየውን መከራ የጻፈበት ሲሆን በሬዲዮም ተተርኳል። እሱ ግን አይወደውም። ወጣት ሳለ፣ ሽማግሌ ሳይጠይቅ አብዛኛውን ከራሱ አፍልቆ ነው የጻፈው። ሁለተኛውን ከሰው አፍ በሰማው ላይ ሊያቆመው ቆርጦ ነበር።

እብናት አጠገብ አሰለፈች የሚባሉ ባልቴት እንዳሉ፣ ቅድመ አያታቸውም ያን መድፍ ከጎተቱት አንዷ እንደነበረች ከሰማ ቆይቷል። ሊሄድ ሲነሣ መንገዱ በተኩስ ይዘጋል። ዘንድሮ ፋታ ሲገኝ በሚኒባስ ሄደ።

ልጃቸው ባዩ ገብስ ከሚያበራይበት አውድማ መጥቶ ተቀበለው። የእማማ አሰለፈች ዓይን ፈዟል፤ አንደበታቸው ግን ደህና ነው። ዳኛቸው ስልኩን ለመቅጃ አጠገባቸው አኑሮ ስለ ቅድመ አያታቸው ጠየቃቸው። ሳይቸኩሉ አወጉት። ሕፃን አዝላ የመድፉን መጎተቻ ጠፍር ስትጎትት ልጁ ጀርባዋ ላይ እንደሞተ፣ ወይራ ሥር ቀብራው ወደ ጠፍሯ እንደተመለሰች ነገሩት። ስሟን ቢጠይቃቸው ትርንጎ አሉት።

ትርንጎን ከነሕፃኗ በመጀመሪያ መጽሐፉ የፈጠራት ዳኛቸው ራሱ ነው። ስም ጠፍቶበት ሲጨነቅ ሚስቱ ፈንታነሽ ከገበያ ትርንጎ ገዝታ ስትገባ አይቶ ነው ያወጣላት።

«እማማ፣ ይህን ማን ነገረዎት?»

«እናቴ ናት። ለሷም እናቷ።»

ባዩን ወደ ውጭ ወስዶ ጠየቀው። እናቱ መጽሐፉ በሬዲዮ ሲተረክ እየተንሰቀሰቁ ያዳምጡ እንደነበር ነገረው። ከዚያ በፊት ሌላ ወግ ነበራቸው፤ የሚጠሩትም ሌላ ስም ነበር።

«ማን ነበር ስሟ?»

ባዩ መንሹን ተደግፎ ብዙ አሰበ። «እንጃ ጋሼ። እኔም ጋ የቀረው የሬዲዮው ነው።»

የሚያውቅ ሌላ ሰው እንዳለ ቢጠይቀው፣ የእናቱ እህቶች ሁሉ ማለቃቸውን ነገረው።

ዳኛቸው ተመልሶ ከባልቴቷ አጠገብ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ትርንጎን የጻፍኋት እኔ ነኝ።»

ፊታቸው በራ። እጁን በዳበሳ ፈልገው ሳሙት። «እግዜር ይስጥህ ልጄ። የኛን ሰው ማን ይጽፈዋል ብዬ ነበር።»

ከራሴ ፈጥሬ ነው ሊላቸው አፉን ከፈተ፤ ግን አልቻለም። ተሰናብቷቸው ወጣ።

ደብረ ታቦር ሲገባ ሁለተኛውን መጽሐፍ እንዳይጠብቅ ለአሳታሚው ደውሎ ነገረው። ፈንታነሽ ምን እንደገጠመው ጠየቀችው።

«አንዲት ሴት ነበረች» አላት። «ምን እንደደረሰባት አላውቅም። ስሟንም አላውቅም። ያጠፋኋት እኔ ነኝ።»

ዳኛቸው ከዚያ ወዲህ አልጻፈም።